የሻወር ቤቱ ቱቦና የልጄ ቅቤ

ልጄ በቀደም ከጌዶ ደውላ የዕቃ ማጠቢያዋ ውሃ አልወርድ እንዳላት ነገረችኝ። ባሏ አሲድ ገዝቶ ሊያፈስበት ነው።

«አባዬ፣ ምን ይሻላል?»

እንደ ልማዴ አስተማርኳት። መጀመሪያ የደፈነው ነገር ይታወቅ። የምግብ ትርፍራፊ ከሆነ ከሥሩ ባልዲ አስቀምጦ ሲፎኑን፣ ያን ከሥር የታጠፈውን ቱቦ፣ መፍታት ነው። ፀጉር ከሆነ ጫፉ የታጠፈ ሽቦ ያወጣዋል። ቅርብ ላይ የተቀረቀረውን በባለ እጀታው ጎማ እየጫኑ መሳብ ነው። አሲድ ቱቦም ዓይንም ያበላሻል፤ ይቅር።

«ፍል ውሃስ?» አለችና ሳቀች።

እኔም ሳቅሁ። የምን ሳቅ እንደሆነ ሁለታችንም እናውቃለን።

ከስምንት ዓመት ገደማ በፊት ነው። ልጄ ከፋሲካ በኋላ ልትዳር፣ አምቦ ከእኛ ጋር የመጨረሻዎቹን ሳምንታት ትቆጥር ነበር። እኔ ከስድስተኛ ክፍል አቋርጬ የቀረውን ያገኘሁትን በማንበብና በእጄ በመሞከር የተማርኩ ሰው ነኝ። ቤቱን ስሠራ መብራቱንም ውሃውንም የዘረጋሁት ራሴ ነኝ። በተለይ በሻወር ቤቱ እኮራ ነበር።

እናቷ ቅዳሜ ቅዳሜ ከገበያ በኮባ ቅጠል የተጠቀለለ ለጋ ቅቤ እያመጣች ራሷን ትቀባታለች። ሙሽራ ፀጉሯ ወዝ ይዞ ነው መሄድ ያለባት። ጾም ስለነበር ቅቤው ወደ አፍ አይገባም፤ ወደ ራስ ግን ይወጣል። ቤቱ ሁሉ ቅቤ ቅቤ ይሸት ነበር። ዛሬ ያ ሽታ ሲናፍቀኝ፣ ያኔ ስለ እሱ የተናገርኩት ያሳፍረኛል።

አንድ ቀን ሻወር ቤት ስገባ ውሃው እስከ ቁርጭምጭሚቴ ቆሟል።

«ይሄ ቤት የተሠራው ለሰው ነው ወይስ ለቅቤ መናጫ?» አልኩ ጮክ ብዬ፣ እንድትሰማ።

ቅቤ በሙቀት ይቀልጣል ብዬ ትልቁን ድስት ጣድኩና ፍል ውሃ አፈሰስኩበት። ጉልጉል ብሎ ወረደ። ቤተሰቡን ሰብስቤ ስለ ንብረት አያያዝ ረዘም ያለ ንግግር አደረግሁ። በሦስተኛው ቀን ውሃው እንደገና ቆመ። የቀለጠው ቅቤ ግቢው ሥር ወዳለው ቀዝቃዛ ቱቦ ሄዶ እዚያ ረግቶ ነበር። ቅርብ የነበረውን ችግር በገዛ እጄ አርቄዋለሁ። ይህን ግን ያኔ አልገባኝም። ሽቦ ብሰድ የፀጉር ጉንጉን ይዞ ወጣ፤ እንደ ማስረጃ ከፍ አድርጌ አሳየኋት።

ልጄ ከዚያ ቀን ጀምሮ ሳፋና ጆግ ይዛ ከማድ ቤቱ ጀርባ መታጠብ ጀመረች። ከእኔ ጋርም ወሬዋን አሳጠረች። «እሺ አባዬ» ብቻ። ሠርጉ ሊደርስ ሦስት ሳምንት ቀረው። እንዲህ እንደተኳረፍን ልትሄድብኝ ነው የሚል ሐሳብ ይመጣብኝና፣ አባት ልጁን ገሠጸ እንጂ ምን አጠፋ ብዬ እመልሰዋለሁ።

ቱቦው ግን ባሰበት። ባለቤቴ ሻወር ቤቱ ደጃፍ ላይ ቆማ አየችኝ።

«ልጅቷ እዚያ መታጠብ ካቆመች ሁለት ሳምንት ሆናት። አሁን ደግሞ ማን ተቀባ? አንተ ነህ እንዳንል አንዲት ፀጉር የለህም።»

አሲድ ለመግዛት ወጥቼ ባዶ እጄን ተመለስኩ። የማላየውን ነገር ላቃጥል ነው ብዬ ራሴን ታዘብኩት። ዶማ አንስቼ ቱቦው በሚያልፍበት፣ በግቢያችን ኮባ ሥር ቆፈርኩ። ቱቦው የሚታጠፍበትን ጎሚቶ ስፈታው ከውስጡ እንደ ሻማ የረጋ ነገር ብቅ አለ። ጎትቼ አወጣሁት። ከሽቦው ያመለጠ ፀጉር አለበት፣ ቅቤ አለበት፤ መሐሉ ላይ ግን ጨርቅ ነው። ሰማያዊ ካኪ። ቁልፉ እንኳ አልወደቀም።

የሥራ ኮቴ እጅጌ ነበር። ቱቦውን ስዘረጋ አፈር እንዳይገባበት አፉን በእሱ ወትፌዋለሁ፤ ዝናብ ሲመጣ ተጣድፌ ስስበው ተቀዶ ግማሹ ውስጥ ቀርቷል። ሦስት ዓመት ሙሉ ውሃው በጎኑ እየተሹለከለከ አለፈ፤ ቅቤው ያችን የቀረች ክፍተት ዘጋ። ጥፋቱ የእኔ ነው።

ባለቤቴ ገበያ ነበረች። ማንም አላየኝም። ጨርቁን ኮባው ሥር ቀብሬ ቱቦውን ብገጥም ነገሩ ያለቀ ነው፤ ሙያዬም ይመሰገናል። እውነቱን ልናገር፣ አንድ ሁለት አካፋ አፈር መልሼበት ነበር። ከማድ ቤቱ ጀርባ የጆግ ድምፅ ሰማሁ። ልጄ በነፋስ ላይ አጎንብሳ ራሷን ትታጠባለች።

ጨርቁን ከአፈሩ መልሼ አወጣሁና ይዤላት ሄድኩ።

«ይሄን ታውቂዋለሽ?»

ሳሙናውን ከዓይኗ ጠርጋ አየችው። «የኮትህ እጅጌ ነው።»

«ከቱቦው ነው የወጣው። ራሴ ወትፌ የረሳሁት ነው። አንቺን ያለ ጥፋትሽ ነው የተናገርኩሽ።»

በሕይወቴ ለልጅ እንዲህ ብዬ አላውቅም። አባቴም ለእኔ አላለኝም። ልጄ ጨርቁን አገላበጠችው። ቅቤው በፀሐዩ ማብረቅረቅ ጀምሯል።

«በደንብ ተቀብቷል» አለች። «ኮትህም ከእኔ ጋር ሊዳር ነው እንዴ፣ አባዬ?»

ጆጉን ከእጇ ተቀበልኩ። ሕፃን ሳለች እንጂ ከዚያ ወዲህ ራሷን አላጠብኳትም ነበር፤ ውሃው ጆሮዋ ውስጥ እንዳይገባ በመዳፌ መከለል እንዳለብኝ ግን እጄ አልረሳም። አጎነበሰች። ቀስ እያልኩ አፈሰስኩላት። ውሃው ቅቤውን ይዞ በግቢው ተዳፋት ወርዶ የተከፈተው ጉድጓድ ውስጥ ገባ፤ «ቱቦውን መቼ ነው የምትገጥመው?» ስትለኝ፣ «መጀመሪያ የጆጉ ውሃ ይለቅ» አልኳት።