ባንኩ በፊቴ ያወቀኝ ዕለት

አገሬን የለቀቅሁ ሌሊት በነጠላዬ ጫፍ የቋጠርኳት ጥቂት ብር ነበረችኝ። አዲስ አበባ ላይ ለአውሮፕላኑ ስንሰለፍ «ብር ይዞ መሳፈር የለም» አሉን፤ ግንባሬ ላይም ቁጥር ለጠፉብኝ። ታናሽ እህቴ ትርንጎ ልትሸኘኝ ከጎንደር አብራኝ መጥታ ነበር። ያገባችው ከአይሁድ ወገናችን ውጭ ስለነበር ስሟ ዝርዝሩ ላይ አልነበረም። ቋጠሮዬን በአጥሩ አሾልኬ ሰጠኋት። «እትዬ፣ ቶሎ አስመጪኝ» አለችኝ። ያኔ ሁለታችንም እሸት ነበርን።

ይኸው ከሠላሳ ዓመት በላይ ሆነ፤ እሷን ማስመጣቱ አልሆነልኝም። ወረቀቷ ከቢሮ ቢሮ ሲንከራተት አረጀ። ገንዘብ መላክ ግን አልተውኩም። እዚህ ረሖቮት ከተማ፣ ክፋር ግቢሮል ሰፈር ከገባሁ ጀምሮ በየወሩ በእግሬ ወደ ባንኩ ቅርንጫፍ፣ እኛ ሲኒፍ ወደምንለው፣ እሄድ ነበር። ያገራችን ወረፋ መቼም ጨዋታ አለው፤ ሳትተዋወቂ ስለ ልጆችሽ ትጠየቂያለሽ። እዚህ የሰው ጀርባ ሳይ ውዬ «አንድ ፎርም ጎድሏል፣ ነገ ነይ» ተብዬ ነው የምመለስ።

ባለፈው ሐምሌ፣ ጎንደር በዝናብ ሲርስ እዚህ አስፋልቱ ጫማ ሲያቀልጥ፣ ትርንጎ ደወለች። ዓይኖቿን ሞራ ከጋረዳቸው ዓመታት አልፈዋል፤ በቪዲዮ ስንገናኝ እኔ አያታለሁ፣ እሷ ድምፄን ብቻ ትሰማለች። «እትዬ፣ የዓይን ሐኪሞች መጥተዋል። እስከ ነገ ቀትር ካልከፈልኩ ተራዬ ለሌላ ይሰጣል» አለችኝ። የነገረችኝ ረቡዕ ነው። ኧረ ይሉኝታዋ አይጣል ነው!

ሐሙስ ጧት ስሮጥ ሄድኩ። ሲኒፉ ተዘግቷል፤ ላንድ ቀን መስሎኝ ነበር፣ ለካ ለሁልጊዜው ኖሯል! «ከእንግዲህ ሁሉም በስልክ» የሚል ወረቀት በሩ ላይ ለጥፈዋል። ጉድ ፈላ! ደረጃው ላይ ቁጭ ብዬ፣ ልጄ ስልኬ ላይ ጭናልኝ ከፍቼው የማላውቀውን የባንኩን አፕሊካጽያ ከፈትሁ።

የመታወቂያ ቁጥሬን ጠየቀኝ፣ ሰጠሁት። የትውልድ ቀን ሲለኝ ደስ አለኝ። እናቴ የወለደችኝ በበዓላችን በስግድ ማግሥት ነው፤ ያገራችንን አቆጣጠር ከፈረንጁ አስተያይቼ ቀኑን ካወቅሁት ቆይቷል። መታወቂያዬ ሌላ እንደሚል አላጣሁትም። ግን ማሽን ሁሉን ያውቃል፣ ማሽን አይዋሽም አልኩና እውነቱን ጻፍሁ። «ስህተት» አለኝ። ደገምሁት። «ስህተት»። በሦስተኛው ቆለፈብኝ!

የስልክ ምልክት ያለበትን ስነካ አንድ ጎረምሳ የባንክ ሠራተኛ በመስኮት ብቅ እንዳለ ሰው ስልኬ ውስጥ ብቅ አለ። ዕብራይስጥ አንቱታ አያውቅም፤ የልጄ እኩያ «አንቺ» ይለኛል።

«መቼ ተወለድሽ?»

«በስግድ ማግሥት።»

«እኔ ጋ በፈረንጆች ጥር አንድ ይላል።»

«እሱ ጸሐፊው የወለደኝ ቀን ነው! እዚህ አገር ስንገባ ጠየቀኝ፤ አዝመራው የደረሰበትን ወራት ነገርሁት፤ ጥር አንድ ብሎ ጻፈ። ባሌን ጥር አንድ፣ ጎረቤቴን ጥር አንድ። ሰፈራችን በሙሉ መንታ ነው!»

ልጁ በሳቅ ፈረሰ። «ቤሰደር፣ እሺ፣ እንግዲያው ለዛሬ ብቻ ጥር አንድ ተወለጂልኝ» አለኝ።

«ለእህቴ ዓይን ከሆነ እንኳን ጥር፣ ጳጉሜም እወለዳለሁ!»

ቁልፉን ፈታልኝ። ከዚያ ስልኩ ፊትሽን አሳዪ አለኝ። ሻሼን ወደ ኋላ ሳብ አድርጌ አፈጠጥሁበት፤ ጨፍኚ ሲለኝ ጨፈንሁ፣ ግለጪ ሲለኝ ገለጥሁ። አረንጓዴ በራ። አወቀኝ! ግንባሬ ላይ ቁጥር ተለጥፎ የመጣሁት ሴት፣ ይኸው ፊቴ ብቻውን በቃኝ! እልል ብዬ አንድ ውሻ የሚያናፍስ ሽማግሌ አስደነገጥሁ። ገንዘቡን ላክሁ። ዱሮ ቀናት ይፈጅ የነበረው ነገር ደረጃው ላይ እንደተቀመጥሁ ደረሰ።

«ገባ! እትዬ፣ ስልኬ ጮኸ፣ ገባ!» አለች ትርንጎ።

«ያላ፣ ሩጪ!» አልኋት።

ያኑ ዕለት ሞራውን ገፈፉላት፤ በማግሥቱ ዓርብ ፋሻው ተፈታላትና በቪዲዮ ደወለች። ሰንበት ሊገባ ጥቂት ደቂቃ ቀርቶታል፤ ሰንበት ከገባ ስልክ አልነካም። ለባንኩ እንዳደረግሁት ሻሼን ሳብ አድርጌ ፊቴን ሰጠኋት። ትርንጎ ወደ ስልኩ ተጠግታ አየችኝ።

«እምዬ?» አለች።

እናታችን ከሞተች ስንት ዘመኗ።

«እኔ ነኝ፣ ትርንጎዬ። እኔ እህትሽ ነኝ» አልኋት። እንባዬ ቀደመኝ። በመስኮቱ ፀሐይዋ ስታዘቀዝቅ አየሁና «ሰንበት ገባ፣ ልዝጋው እህቴ» አልሁ።

«ቆይ እትዬ፣ አትዝጊው» አለችኝ። «አንቺን ገና አላየሁሽም።»