መርዶው እስኪነገር

ዩኒቨርሲቲ የማስተምረው የቋንቋ ፍልስፍና ነው። ሰው ሲናገር በቃሉ ምን እያደረገ እንደሆነ፤ ሲምል፣ ሲረግም፣ ቃል ሲገባ። አብነት ሰፈር ከእኔ ጋር አንድ ግቢ የሚኖሩት እትዬ ግን ይህ ሥራ መሆኑን እስከ ዛሬ አላመኑኝም። "ወሬ አስተምሮ ደመወዝ የሚበላ ካንቺ ሌላ አላየሁ" ይሉኛል። እኔም አልምራቸውም። "እርስዎ በነፃ ስለጨረሱት ነዋ!" እላቸዋለሁ። ማታ ማታ ሳንናቆር ካደርን አንዳችን ታመናል ማለት ነው።

አንድ ዓርብ ጠዋት ወደ ሥራ ስወጣ የእድራችን ዳኛ የግቢው በር ላይ ጠብቀው ያዙኝ። ቡታጅራ የሚኖሩት የእትዬ ወንድም፣ በጀርባቸው አዝለው ያሳደጓቸው ታናሻቸው፣ አርፈዋል። ቀብሩም አልፏል።

"መርዶው ነገ ንጋት ላይ ነው" አሉኝ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው። "ልጇ ከድሬዳዋ ዛሬ ማታ ትገባለች። ደም ግፊቷን ታውቂያለሽ፤ ብቻዋን ሆና ከሰማች እሷንም እናጣታለን። አንቺ እንደወትሮሽ ሁኚ። አደራ!"

እንደወትሮሽ ሁኚ! ኧረ በማርያም፣ እንደወትሮ መሆን በትእዛዝ ይሆናል እንዴ?

ክፍል ገብቼ ጠመኔ አነሳሁ፤ መልሼ አስቀመጥኩት። አንዱ ተማሪ እጁን አውጥቶ "መምህር፣ የሚያውቁትን አለመናገር ውሸት ነው?" ብሎ አይጠይቀኝ መሰላችሁ! ሌላ ቀን ቢሆን እስኪሰለቻቸው አወራበት ነበር። "ለዛሬ ይበቃናል" ብዬ ወጣሁ። ታክሲ ውስጥ መቀመጥ ቢያቅተኝ ጠመንጃ ያዥ ሰፈር ወርጄ በእግሬ ቀጠልኩ። ልደታ ማርያም ደጃፍ ቆሜ ልጸልይ ብል ጸሎቱም እምቢ አለኝ። ምን ብዬ? ሰውየው እንደሆነ ሞቷል። ቤት ከገባሁ በኋላም ከወንበር ወደ መስኮት፣ ከመስኮት ወደ ወንበር። ፈርቼ ነበር፣ ምን ይደበቃል። በእኔ አፍ የተነሳ አንድ ነገር ቢሆኑብኝስ? ካፍ ከወጣ አፋፍ ነው።

ሲመሻሽ እንደ ልማዴ ወደ እሳቸው ቤት ሄድኩ። ሰፌድ ጭናቸው ላይ አድርገው ምስር እየለቀሙ ነበር። ቀና ብለው "መጣሽ፣ የወሬ መምህርት! ዛሬስ ስንት ሸጥሽ?" አሉ።

መናቆሩን ትቼ "እትዬ፣ እኔ ልልቀምልዎት፣ እርስዎ ትንሽ ይረፉ" አልኳቸው። በዚያ ሁሉ ዓመት ጉርብትና እንዲህ ያለ ጨዋነት ከእኔ ሰምተው አያውቁም።

እጃቸው ምስሩ ላይ ቆመ። ፊቴን አዩት፤ ዝቅ ብለው ደግሞ ወደ እጄ አዩ። ቀሚሴን ስጠመዝዝ ነበር ለካ።

"ቡታጅራ ነው?" አሉ።

አፌን ልከፍት ስል እጃቸውን አነሱ።

"ተይ! እንዳትነግሪኝ።"

"እትዬ..."

"ሰው ካልነገረኝ አልሞተም። ልጄ ትምጣልኝ፤ እስከ ነገ ይኑርልኝ። በይ አሁን ስደቢኝ።"

ምን ብዬ እንደሰደብኳቸው አላስታውስም። ብቻ ሳቁ። እኔም እየሳቅኩ እንባዬ ምስሩ ላይ ጠብ አለ፤ አይተው እንዳላዩ ሆኑ። ልጃቸው ስትገባ መንገዱ እንዴት እንደነበር ጠየቋት፤ እራት አቀረቡላት፤ "ከስተሻል" ብለው ተቆጧት። ልጅቷ ከጀርባቸው በዓይኗ "አላወቁም አይደል?" አለችኝ። እኔም "አዎ፣ አላወቁም" በሚል ራሴን ነቀነቅኩ።

ሊነጋጋ ሲል ሽማግሌዎቹ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ግቢውን ሞሉት። እኔ በሩን ተደግፌ ዓይኔን ከእትዬ ላይ አልነቀልኩም። እንደማያውቅ ሰው እንዴት ይሆኑ ይሆን እያልኩ ነበር። ልጃቸው አጠገባቸው ተቀመጠች። ዳኛው ጉሮሯቸውን ጠርገው "እግዚአብሔር ያጽናሽ፤ ወንድምሽ አርፏል" አሉ።

እትዬ እየጮኹ ተነስተው ቆሙ። ልጃቸው እቅፍ አድርጋ ያዘቻቸው። ያ ጩኸት ቅንጣት ማስመሰል አልነበረበትም።

"ገደላችሁት!" አሉ ደረታቸውን እየደቁ። "እስካሁን ነበረልኝ እኮ! ምነው ገደላችሁት?"