ሀዳነ የፋቀው ስም

ሀዳነ መጀመሪያ ጠፍጣፋ ሰሌዳ ከገጹ ሥር አስገባ፤ ብራና ከሥሩ ጠንካራ ነገር ካላገኘ ይቀደዳል። በግራ እጁ ቆዳውን ወጠረ። በቀኙ ካራዋን አጋድሞ ቀዩን ፊደል ከላይ ወደ ታች በቀስታ ላጨ። ስም በአንድ ጊዜ በኃይል አይፋቅም፤ ስስ እያደረጉ፣ እየደጋገሙ ነው። ትቢያውን በላባ ጠረገ። የሻከረውን በለስላሳ ድንጋይ አሸ፤ ካልታሸ አዲሱ ቀለም ይፈሳል፣ ፊደሉም ጢም ያወጣል። ገጹን ወደ ብርሃን አዞረ። «ሐብተ ማርያም» የሚለው አሁንም በደብዛዛው ይታያል። ቀይ ቀለም ጠልቆ ነው የሚገባ። ካራዋን እንደገና አነሳ።

ሐብተ ማርያም የልጁ የክርስትና ስም ነው፤ የዓለም ስሙ ሰጠኝ ነበር።

ሀዳነ የድብ ባሕር ሰው ነው፤ ሥራው መጽሐፍ መጻፍ። ፍየሉን ራሱ ይገፍፋል፣ ብራናውን ራሱ ይወጥራል፣ ጥቁሩን ቀለም ከድስት ጥላሸትና ካረረ ገብስ ራሱ ይበጠብጣል። ሲጽፍ የባለቤቱን ስም ቦታ ባዶ ይተወዋል፤ የሚገዛ ሲገኝ በቀይ ይሞላዋል። ይህን የጸሎት መጽሐፍ ግን ያዘዘው ሰው የለም። ሰጠኝ ጣሊያን በገባ በዓመቱ ሊዋጋ ጫካ ገባ፤ በሊማሊሞ ገደል በኩል ወደቀ ተባለ። ሬሳው አልተገኘም። ቤተ ክርስቲያኑ ከመንደሩ ጋር ተቃጥሏል። ፍትሐት የለ፣ መቃብር የለ። ሀዳነ በየጸሎቱ መጨረሻ የልጁን ስም አስገባ። ስሙ የሚጠራበት ሌላ ቦታ አልነበረም።

ከዚያ እህሉ አለቀ። የልጁ ሚስት ታየች ጡቷ ደረቀ፤ ሕፃኗ ማልቀሱንም ተወችው። ሀዳነ የመጽሐፉን የቆዳ ማኅደር ቅቤ ቀባብቶ አሳመረ፤ ገዢ አስቀድሞ የሚያየው ማኅደሩን ነው። ታየችንና ሕፃኗን አስከትሎ ጎንደር ገባ።

በየደብሩ ዞረ። አንድ መሪጌታ ገልጠው አነበቡና፣

«እጅህ ሸጋ ነው፣ አያ ሀዳነ» አሉት። «ግን ያለንን መጽሐፍስ ዋሻ ውስጥ ደብቀን የለ? አዲሱን ገዝተን የት እናኑረው?»

ገዢው የተገኘው ፒያሳ ነው። ፋንታሁን ይባላል፤ ለጣሊያን የመንገድ ሥራ እህል በማኪና የሚያቀርብ ነጋዴ።

«ለነፍሴ አንድ መጽሐፍ አያንሰኝም» አለ። «ሰዉ ባንዳ ነው የሚለኝ። እግዜር እንኳ በክርስትና ስሜ ይጥራኝ እንጂ! ኃይለ ማርያም ነኝ። ያንን ስም ፍቀህ የኔን አስገባ፤ ገብስ በአህያ አስጭኜ እሰጥሃለሁ።»

ታየች ከደጅ ሆና ሰማች።

«ጌታዬ፣ ማርያም የእርስዎም፣ ጫካ የቀረው የባሌም ናት» አለች። «‹ሐብተ› ብቻ ይፋቅ። ማርያም ትቅር። ግማሹ እንኳ ይቅርለት።»

ሀዳነ ቀና አለ። እሱም ይህንኑ አስቦ ነበር፤ ሥራው ይቀላል፣ ገጹም አይሳሳም።

ፋንታሁን ሳቀ። «ምነው እቴ! የሙት እጀ ጠባብ እጅጌውን ብቻ ቀይሬ ልልበስ? ያውም የሸፈተ ሰው? ጠርገህ አውጣልኝ፣ አያ። አለዚያ ገብሱም እዚያው ጎተራው ውስጥ ይደር።»

ሀዳነ ሕፃኗን አየ። «እሺ» አለ።

እንግዲህ ፋንታሁን በረንዳ ላይ ተቀምጦ የፋቀው ለዚህ ነው። ከየገጹ አወጣው። አንዳንዱ ቦታ ቆዳው ከመሳሳቱ የተነሣ ከማዶ ጣቱ ይታየው ነበር። በፋቀው ቦታ ላይ «ኃይለ ማርያም» ብሎ ጻፈ፤ መስመሩ የቀና፣ ፊደሉ የማይንቀጠቀጥ። ሥራ ሥራ ነው። ፋንታሁን አገላብጦ አየና «እጅ ማለት ይህ ነው!» አለ።

ገብሱ መጣ። ታየች እዚያው ቆልታ፣ ፈጭታ አጥሚት አበጀች። ሕፃኗ ቀመሰችው፤ ተፋችው። ታየች ከንፈሯን ጠረገችላትና እንደገና ሞከረች።

አንድ ባዶ ገጽ ቀርቷል። ጸሐፊ በስተመጨረሻ አንባቢን ስለ ራሱ መለመኑ የቆየ ወግ ነውና ፋንታሁን አልከለከለውም። ሀዳነ የመቃ ብዕሩን በጥቁር ቀለም ነክሮ ይህን ጻፈ፦

«ይህን የምታነብ ሆይ፣ የእኔን ስም ተወው። ጣትህ ገጹ የሳሳበት ቦታ ላይ ሲደርስ ወደ ብርሃን አታዙረው፤ የሚታይ አላስቀረሁም። እዚያው ጥቂት ቆም በልና ‹እሱንም ማረው› በልልኝ። ማንን እንደሆነ እግዜር ያውቀዋል።»