ሁለተኛው ጉርሻ

ሰው ከእንስሳ በምን ይለያል የሚል ክርክር በተነሳ ቁጥር ያቅለሸልሸኛል። ይህን ክርክር ቦሌ ሚካኤል ባለው ቤቴ፣ በገዛ ገበታዬ ላይ ሰምቼዋለሁ።

አባባ መርሳት ከጀመሩ ሦስተኛ ዓመታቸው ነበር። እኔ ዘንድ ነው የሚኖሩት፤ ሽንት የነካውን አንሶላ የማጥበውም እኔ ነኝ። ወንድሜና እህቴ አንድ ዓርብ ቀን አባባ ከእኔ ቤት ወጥተው የት እንደሚገቡ ሊወስኑ መጡ። ወንድሜ ሐኪም ነው፤ አያት አካባቢ አረጋውያን የሚጠበቁበት ቤት አግኝቶላቸዋል። ከቤተ ክርስቲያን የማትጠፋው እህቴ ደግሞ ጠበል ቦታ ከርመው ይጠመቁ ባይ ናት።

ሽሮ አቀረብኩ። አባባ መሐላችን ተቀምጠዋል።

«ሰውን ሰው የሚያደርገው የፊተኛው አንጎል ነው» አለ ወንድሜ እያላመጠ። «የእሳቸው ደግሞ አልቋል። ምን ልዋሻችሁ፣ የቀረው አካላቸው ብቻ ነው።»

«ሰውን ሰው የሚያደርገው በአምላኩ አምሳል መፈጠሩ ነው» አለች እህቴ። «ርኩስ መንፈስ ነው የጋረደባቸው። ጠበሉ ያስለቅቀዋል።»

አንዱ አባቴን ባዶ ቤት አደረጋቸው፣ አንዷ የሰይጣን ማደሪያ። ያውም እፊታቸው። ሳይንሱም ሃይማኖቱም አልበደሉኝም፤ ያስጠሉኝ ሁለቱን እንደ መጥረጊያ ይዘው ሽማግሌ ከቤት ሊጠርጉ የመጡት ናቸው።

ይህን ጊዜ አባባ እንጀራ ቆርሰው ጠቀለሉና ለወንድሜ ዘረጉ። «ልማድ ነው፤ እጅ ያስታውሳል፣ ሐሳብ የለበትም» አለና እጃቸውን በቀስታ መለሰው። ወደ እህቴ ዘረጉ። «እስከ ዘጠኝ ሰዓት ጾመኛ ነኝ አባባ» ብላ አንገቷን ሰበረች።

ቀጥሎ ወደ እኔ ዞሩ። ቅድም አፍንጫቸውን የጠረጉበት እጅ ነው፤ ሽሮው እስከ ክንዳቸው ወርዷል። እነዚያን ልበልጣቸው ብዬ አፌን ከፈትኩ። ጣታቸው ምላሴን ነካው። ፊቴን አዙሬ ሶፍት ላይ ተፋሁትና ከጠረጴዛው ሥር ጨበጥኩት። ከሁለቱ ይልቅ ራሴን የተጸየፍኩት ያን ጊዜ ነው።

«አንቺስ ምን ትያለሽ?» አለኝ ወንድሜ። «እዚህ ይቆዩ ወይስ ይሂዱ?»

ልመልስ ቀና ስል አባባ ሌላ ጠቅልለው እጃቸውን ዘርግተው ይጠብቁኛል። በልጅነታችን ማንንም በአንድ ጉርሻ ለቀው አያውቁም ነበር።

«ድገሚ፤ አንድ ያጣላል» አሉኝ።

ከሁለት ወር ወዲህ ከአፋቸው የወጣ የመጀመሪያው ቃል ነበር። ሶፍቱ መዳፌ ውስጥ እየራሰ ነው።