ክዳኑ ላይ የቀረች ቅጠል

በወንዛችን ዳር ባለው ሻይ ቤት ዓለምን የማስተዳደር ሥራ የሚጀመረው ማለዳ ነው። ሽማግሌዎቹ የመጀመሪያውን ሲኒ ሳይጨርሱ የሩዙን ዋጋ ያስተካክላሉ፣ ሁለተኛውን ሳይጨርሱ የተጣሉ ባልና ሚስት ያስታርቃሉ፣ ሦስተኛው ላይ ሰው ወደዚህ ዓለም ለምን እንደመጣ ሊወስኑ ይቃረባሉ። አራተኛው ላይ ሽንታቸው ይመጣና ውሳኔው ለነገ ያድራል።

በዚህ ታላቅ ሸንጎ ውስጥ ሁለት ፓርቲዎች ነበሩ። የአንደኛው መሪም አባልም መምህር ፌይ ናቸው። የልጅነት ትምህርታችንን ለአብዛኞቻችን በአርጩሜ ያስገቡልን እሳቸው ነበሩ። ለመምህር ፌይ ዓለም የቆመችው በሥርዓት ነው። ልጅ ለአባቱ፣ ታናሽ ለታላቁ፣ በሕይወት ያለ ለሞተው የሚገባውን ካደረገ ሰማይ አይወድቅም። ሌላው ፓርቲ ራን ዞንግፉ ነው፤ እኛ ራን ጀልባ እንለዋለን። ራን የውኃ ሰው ነው። አትግፋ፣ አትታገል፣ እንደ ውኃ ዝቅ ብለህ ሂድ፣ ነገሩ በራሱ ጊዜ ይሆናል ባይ ነው። ሁለቱም ትምህርቶች ከጥንት አያቶቻችን የመጡ ናቸው። ያስተማሯቸው ሊቃውንት ከሞቱ ከሁለት ሺህ ዓመት በላይ ሆኗቸዋል፤ ክርክሩ ግን በእኛ ሻይ ቤት፣ ከትልቁ ዛፍ ሥር ባለው ጠረጴዛ ላይ፣ የሱፍ ፍሬ እየተፈለፈለበት ቀጥሎ ነበር።

የራን እናት ምጥ የያዛት ወንዙ መሃል ሳለች ነው ይባላል። ራሱ ራን ደግሞ አዋላጇ ሳትደርስ መቅዘፊያ ጨብጦ እንደነበር ይምላል። ይህን ባናምነውም ሲቀዝፍ ላየው ሰው ለማመን ይዳዳዋል። ድልድዩ ሳይሠራ በፊት ሁላችንንም የሚያሻግረን እሱ ነበር፤ አንድም ቀን ግን በቀጥታ አሻግሮን አያውቅም። የጀልባዋን አፍንጫ ወደ ላይ፣ ወደ ወንዙ መምጫ ያዞርና መቅዘፊያውን እንደ ነገሩ ነካ ነካ እያደረገ ይቀመጣል። ወንዙ ራሱ በሰያፍ እየገፋ ወስዶ ማዶ ካለው የድንጋይ ደረጃ ላይ ያስቀምጠናል። ለጉዳይ የመጣ የከተማ ሰው ግን ይደነግጣል።

«አባባ፣ ወዴት ነው የምንሄደው?»

«ወደ ማዶ።»

«ማዶው እኮ በዚህ በኩል ነው!»

«ማዶው የትም አይሄድም። ቁጭ በል።»

የከተማችን የመቃብር ኮረብታ ያለው ማዶ ነው። ስለዚህ ሙታኖቻችንን ሁሉ ያሻገረ ራን ነው። የሬሳ ሳጥን ሲጭን መቅዘፊያውን እንጨቱ እንዳይንጓጓ በጨርቅ ይጠቀልለው ነበር። አባቴን ባሻገረልን ቀን የሰማሁት ድምፅ የእናቴን ለቅሶና የውኃውን ሹክሹክታ ብቻ ነው። ራን ያን ቀን ቃል አልተናገረም፤ ይህ ለራን ትልቅ ነገር ነው።

ከዚያ ድልድዩ ተሠራ። በምረቃው ቀን ርችት ተተኮሰ፣ ከበሮ ተመታ፣ የከተማው ሰው ሁሉ ያለ ጉዳዩ እየሄደ እየተመለሰ ሲሻገር ዋለ። ራን ብቻ ጀልባዋን ወደ ዳር ጎትቶ አወጣና ገለበጣት። ሳይቆይ ዶሮዎች ሥሯ እንቁላል መጣል ጀመሩ። «በገዛ እጄ በማልቀዝፈው ነገር ላይ አልሻገርም» አለ፤ አልተሻገረምም። እኛም «ይኼ የውኃ ሰው እልህ ያዘው» ብለን ሳቅን።

ሳቃችን ሳይበርድ ሚስቱ ሱሚን ሞተች።

ሳጥኗን ወንድሞቿ በድልድዩ ላይ ተሸክመው ሄዱ። ጀልባዋ ያን ጊዜ ተሰነጣጥቃለች፤ ሌላ መንገድ አልነበረም። ራን በነጭ የሐዘን ልብሱ ከፊት ከፊት እየመራ መጣና ድልድዩ እግር ላይ ሲደርስ ቆመ። ተሸካሚዎቹ ጠበቁት። ከዚያ እያመነቱ በአጠገቡ አለፉ። «ውኃው ሄዷል» አለ ራን፤ ሌላ ቃል ሳይጨምር ዞሮ ወደ ቤቱ ገባ። ግማሾቻችን ልበ ደንዳና አልነው፤ ግማሾቻችን ሊቅ አልነው። በሻይ ቤታችን ሲያዝን አፉን የሚዘጋ ሰው ሊቅ ነው፤ ቀርቦ ከመጠየቅ ይህን ማለት ይቀለናል።

ከዚያ ወዲህ በየዓመቱ መቃብር በሚጠረግበት ቀን ከተማው ሁሉ መጥረጊያውንና የዕጣን ዘንጉን ይዞ ድልድዩን ሲሻገር ራን ባዶ ሻይ ቤት ውስጥ ተቀምጦ ይውላል። ባለ ሻይ ቤቷ ዩፌን ፍል ውኃ ትጨምርለታለች፣ እሱ ይጠጣል፣ አይነጋገሩም።

ባለፈው ጸደይ፣ የመቃብሩ ቀን ሊደርስ ጥቂት ሲቀረው፣ መምህር ፌይ ሲኒያቸውን አስቀምጠው ጉሮሯቸውን ጠረጉ። መምህር ጉሮሯቸውን ሲጠርጉ ዛሬም ሁላችን ጀርባችንን ቀጥ እናደርጋለን።

«ራን፣ ዘንድሮስ?»

«ዘንድሮ ሻዩ ጥሩ ነው፣ መምህር።»

«ስለ ሱሚን ነው የምጠይቅህ። አልሸኘሃትም።»

«ሄዳለች እኮ። የሄደን ወንዝ እየሮጡ መሸኘት አለ እንዴ? እርስዎ ደግሞ ሁሉን ነገር በስግደትና በጭስ ካላደረጉት የሆነ አይመስልዎትም።»

«ሥርዓት ለሞተው ብቻ መሰለህ? ሐዘን የገባበት ሰው እጁን የት እንደሚያደርገው አያውቅም። መጥረጊያ የሚያሲዙት ለዚያ ነው።»

«የእኔ እጅ ሲኒ ይዟል።»

«አንተ ውኃ ነኝ ትላለህ» አሉ መምህር፤ ድምፃቸው ዝቅ አለ። «ውኃ ድንጋይ ሲያጋጥመው ዞሮ ያልፋል። አንተ ድልድይ ሲያጋጥምህ ቁጭ አልክ። ይኼ ወንዝ አይደለም፣ ኩሬ ነው።»

ሻይ ቤቱ በሳቅ ተናጋ፤ ከጣሪያው ላይ ያሉ ድንቢጦች ሳይቀሩ ተነሡ። የራን ጆሮ ቀላ።

«ኩሬም ውኃ ነው!»

«ውኃስ ውኃ ነው። ይሸታል እንጂ።»

ያን ቀን ያሸነፉት መምህር ናቸው። ሲነሡም አነሣሣቸው የባለ ድል ነበር። «ለሙታን የሚቃጠለውን ወረቀትና የዕጣን ዘንጉን ገዝቼ እመለሳለሁ። ስመለስ የምንሻገርበትን ሰዓት እንቆርጣለን። እምቢ ካልክ ጆሮህን ይዤ በድልድዩ ላይ እጎትትሃለሁ።»

«ለመጎተት ጉልበቱ አለዎት?»

«ለአንተ የሚሆን አላጣም» አሉና ሲኒያቸውን ከደኑ። ከጠረጴዛው በላይ ያለው ትልቁ ዛፍ ቅጠሉን የሚያረግፈው በጸደይ ነው፤ ከጠረጴዛው ላይ አንዲት ቢጫ ቅጠል አንሥተው ክዳኑ ላይ አኖሩ።

በእኛ ሻይ ቤት ሲኒው ሁሉ ክዳን አለው፤ ለመነጋገር አፍ አያስፈልግም፤ ክዳኑ ይናገራል። ጠጥቶ የበቃው ሰው ክዳኑን ገልብጦ ሲኒው ውስጥ ያስገባዋል፤ ዩፌን አንሥታ ታጥበዋለች። ክዳኑ ላይ ቅጠል ወይም ጠጠር ከተቀመጠ ግን «እመለሳለሁ» ማለት ነው። ያን ሲኒ ባለቤቱ እስኪመጣ የሚነካው የለም። ሹም ቢመጣ፣ ጠረጴዛ ቢጠፋ፣ ያ ቦታ ተይዟል።

መምህር ፌይ አልተመለሱም። የዕጣን ሻጩ ደጃፍ ላይ፣ የገዙትን ይዘው ሲወጡ፣ ደረጃው ላይ ቁጭ አሉ፤ በዚያው ቀሩ።

ልጆቻቸው ከሩቅ ከተማ በመኪና መጥተው አስከሬኑን በዚያው ቀን ወሰዱት። እዚያ ተቃጥሎ አመዱ እዚያው ግድግዳ ውስጥ እንደተቀመጠ ሰማን። ዕድሜያቸውን ሙሉ ስለ ሥርዓት ያስተማሩት ሰው ሥርዓታቸው በችኮላ ተፈጸመ፤ እኛ የጨበጥነው የመኪናውን አቧራ ነው። ሻይ ቤቱ ስንመለስ ሲኒያቸው እንደተቀመጠ ነበር። ዩፌን ዓይኗን እየጠረገች ልታነሣው እጇን ዘረጋች።

«እንዳትነኪው!»

የጮኸው ራን ነው። «ቅጠሉን አላየሽም? እመለሳለሁ ብለዋል።»

«ራን ወንድሜ» አለች ቀስ ብላ፣ «እንዴት አድርገው ይመለሳሉ?»

«እሱን እኔ አላውቅም። ሥርዓቱ ባለቤቱ እስኪመጣ አይነሣም ይላል። ሥርዓት ሥርዓት ነው።»

ይህን ከራን አፍ መስማት ወንዙ ሽቅብ ሲፈስ እንደማየት ነበር። ሆኖም የሳቀ አልነበረም። በማግስቱ ነፋስ ተነሣ። ያ «የሄደው ይሂድ፣ የመጣው ይምጣ» ሲለን የኖረ ሰው ወንበሩን ነፋሱ ከሚመጣበት በኩል ስቦ ሁለት እጁን ሲኒው ዙሪያ አጠረ። ቀኑን ሙሉ ለአንዲት ደረቅ ቅጠል ከነፋስ ጋር ሲታገል ዋለ። ከጥግ አንዱ «ጠጠር ጫንባት እንጂ!» ቢለው «እሳቸው ጠጠር አላደረጉም!» ብሎ ጮኸበት። ሲመሽ ዩፌን ሲኒው ላይ ከነቅጠሉ የሸክላ ድስት ደፍታበት ትሄዳለች፤ ሲነጋ እሱ ድስቱን አንሥቶ ዘበኝነቱን ይቀጥላል። ሻዩ ሻገተ። እሱም ከሳ። ክዳን ላይ ያለ ምልክት ለአፍታ ለወጣ ሰው የተበጀ ነው፤ ለማይመለስ ሰው የሚሆን ምልክት ማንም አላሰበም። እኛም እንዴት አድርገን ከዚያ ወንበር እንደምናስነሣው አላወቅንም።

በመቃብሩ ቀን ዋዜማ የዕጣን ሻጩ ኒዩ መጣ። በቢጫ ወረቀት የተጠቀለሉ ሁለት እሽጎች ከራን ፊት አስቀመጠ።

«የመምህር ነው። እጃቸው ላይ ነበር። ለልጆቻቸው ልስጥ ብዬ አስቤ ነበር፤ ግን የአንተ ነው መሰለኝ።»

«ሁለቱም?»

«ሁልጊዜ ሁለት ነው የሚገዙት። አንዱ ለሚስታቸው፣ አንዱ ለሱሚን።»

ራን ቀና አለ። «ለማን?»

«ለሱሚን ነዋ። መቃብሯን በየዓመቱ የሚጠርጉት እሳቸው አይደሉ? አታውቅም እንዴ?»

አንዳንዶቻችን እናውቅ ነበር፤ አንገታችንን ደፋን። ራን ጠረጴዛውን በጡጫ ሲመታው ቅጠሏ ዘለለች።

«እንዴት ተደርጎ! ዘመዳቸው አይደለችም! የሌላ ቤት መቃብር አይጠረግም፣ ሥርዓቱ አይፈቅድም! እሳቸው ራሳቸው ናቸው ያስተማሩን! እሳቸው…»

ከእኛ መሃል ሥርዓት ያላፈረሱ ብቸኛ ሰው መምህር ናቸው ስንል ኖረን ነበር፤ መጥረጋቸውን የምናውቀውም ሳንቀር። ለካ በየዓመቱ፣ ዝም ብለው፣ ለጓደኛቸው ሲሉ ያፈርሱት ኖሯል። እንደ ውኃ በስንጥቁ በኩል እያለፉ።

ራን እሽጎቹን ወደ ራሱ ሳበ። «ነገ ዝናብ ነው» አለ። «ዩፌን እህቴ፣ መጥረጊያ አለሽ?»

በማግስቱ እንዳለው ካፊያ ነበር። ከተማው ሁሉ ከነመጥረጊያው ወጥቷል። ራን ሁለቱን እሽጎች በጉያው ሸጉጦ ድልድዩ እግር ላይ ሲደርስ ቆመ፤ ልክ ያን ጊዜ የቆመበት ቦታ። ሰው በአጠገቡ ያልፋል። ማንም አልገፋውም፣ ማንም አልጎተተውም። ጎታቹ እኮ ሞተዋል። እኔም ጥቂት እልፍ ብዬ የጫማ ክር የማስር መስዬ ጠበቅሁ። ጫማዬ ክር የለውም።

ከዚያ ራን ከግራው የብረት አጥር ጥግ ተነሣና መራመድ ጀመረ። በቀጥታ አልሄደም። ድልድዩን በሰያፍ፣ ልክ ወንዙን ሲሻገር እንደኖረው፣ ቀስ እያለ ወደ ቀኙ አጥር አሳብሮ ያቋርጠው ጀመር። መኪናዎች ቆሙ። ጥሩምባ ከዳር እስከ ዳር ጮኸ። አንድ የጭነት መኪና ሾፌር አንገቱን አውጥቶ፦

«አባባ፣ ወዴት ነው የሚሄዱት?»

«ወደ ማዶ።»

«ታዲያ መንገዱ በዚህ አይደል!»

«ማዶው የትም አይሄድም» አለ ራን፣ ሳይቆም። «ቁጭ በል።»

ኮረብታው ላይ የአባቴ መቃብር ከሱሚን ብዙ አይርቅም፤ ስለዚህ አየሁት። መምህር ዓመቱን ሙሉ ብቅ እያሉ ኖሯል መሰለኝ፣ ሣሩ በአጭሩ ታጭዷል፣ ቀርከሃው ተቆርጧል፣ ድንጋዩ ታጥቧል። ሰሞኑን የረገፉ ጥቂት ቅጠሎች ብቻ ነበሩበት። ራን እነሱን ጠረገ። ካበቃም በኋላ አላቆመም፤ የሚጠረግ ነገር ሳይኖር፣ ንጹሑን መሬት፣ ብዙ ጊዜ ጠረገው። እጁ መጥረጊያውን ጨብጦታል። ከዚያ ተንበርክኮ ወረቀቱንና የዕጣን ዘንጎቹን ለኮሰና ግንባሩን እርጥቡ አፈር ላይ አሳረፈ። ያለውን አልሰማሁም፤ ብሰማም አልጽፈውም።

ሁለተኛውን እሽግ ይዞ ወደ መምህር ፌይ ሚስት መቃብር ወረደ። ዘመዱ አይደለችም። ጠረገላት።

ሻይ ቤት ሲገባ ጉልበቱ ጭቃ ነበር። በራሱ ወንበር ሳይሆን በመምህር ወንበር ተቀመጠ። ቅጠሏን ከክዳኑ ላይ አነሣና ነፋሱ ወደሚሄድበት መዳፉን ዘረጋ፤ ነፋሱ ወሰዳት። ከዚያ ክዳኑን ገልብጦ ሲኒው ውስጥ አስገባው።

ዩፌን ጨርቋን ይዛ መጣች፤ እጇን ግን አልዘረጋችም።

«ጨረስክ፣ ወንድሜ?»

«ጨረስን» አለ ራን። «አንሺው።»