ከብስክሌት ሳይወርዱ መሳለም

ባለፈው ሳምንት ከአዳማ መናኸሪያ ወደ ቤቴ በባጃጅ እየሄድኩ ነበር። ሹፌሩ ጨዋታ የሚወድ፣ ፀጉሩን ያጎፈረ ወጣት ነው። ማርያም ቤተ ክርስቲያን ጋ ስንደርስ ቀኝ እጁን ከመሪው ላይ አንስቶ አማተበ፤ አንገቱንም ደፋ። ባጃጁ ግን አልቆመም። ከፊታችን ሐብሐብ የጫነ ጋሪ ነበር። ሳላስበው የፊተኛውን ብረት በሁለት እጄ ጨምድጄ ያዝኩ።

«ምነው አባባ፣ ፈሩ እንዴ?» አለኝ በመስታወቱ እያየኝ።

«እጅህን!» አልኩት። «እጅህን ወደ ቦታው መልስ!»

እየሳቀ መለሰው፤ ጋሪውንም በደህና አለፍነው። ቀኝ ጉልበቴ ግን ቤት እስክደርስ ድረስ ሲጠዘጥዘኝ ቆየ። ይህ ጉልበት ከእኔ የበለጠ ያስታውሳል።

ያኔ ሃያ ስድስት ዓመቴ ነበር። ዛሬ ባቱ በምንላት በዝዋይ አንድ የአትክልት እርሻ ላይ የመስኖ ውኃ ተቆጣጣሪ ነበርኩ። ሥራዬ ቀኑን ሙሉ በቦይ ዳር መሄድ፣ ቦይ መዝለል፣ ተንበርክኮ የውኃ በር መክፈትና መዝጋት ነው። እርሻው ለዘጠኝ ወር ሥልጠና ሆላንድ ሲልከኝ፣ አዳማ ያለችው እናቴ እስከ መናኸሪያ ሸኘችኝ። ሌላው ሰው ብርዱንና ምግቡን ሲመክረኝ እሷ አንድ ነገር ብቻ ነው ያለችኝ።

«ቤተ ክርስቲያን ስታይ ሳትሳለም እንዳታልፍ። ሌላ ዘመድ የለህም እዚያ።»

እሺ አልኳት። እሺ ማለት ያኔም ቀላል ነበር።

ብስክሌት የማውቅ መስሎኝ ነው የሄድኩት። በልጅነታችን አዳማ ውስጥ ከእኛ የሚረዝም ብስክሌት እየተከራየን፣ አንድ እግራችንን ከብረቱ ሥር አሾልከን ስንነዳ ነው ያደግነው። ሆላንድም እንደ አዳማ ሜዳ ነው፤ ችግሩ ነፋሱ ሁልጊዜ ከፊት ነው የሚመጣው። ብስክሌቱ ደግሞ የእጅ ፍሬን አልነበረውም፤ ለማቆም ፔዳሉን ወደ ኋላ መርገጥ ነው። የመጀመሪያውን ሳምንት እናቴን የሚያህሉ ሴቶች ካሮትና ዳቦ በቅርጫት ጭነው፣ ፀጉራቸው ሳይበተን እያለፉኝ ሄዱ። አንዷማ ዞር ብላ አይዞህ የምትል ይመስል ፈገግ አለችልኝ። እንዴት እንዳፈርኩ!

የተከራየሁት ወይዘሮ ኔል ከሚባሉ፣ ባላቸው ከሞቱባቸው አሮጊት ቤት ነበር። ከቤታቸው ወደ ማሠልጠኛው ስሄድ ከቦዩ ማዶ የቀይ ጡብ ቤተ ክርስቲያን አለ፤ ጣሪያው ሹል፣ ጫፉ ላይ መስቀል ያለበት። የእኛን አይመስልም፤ ቢሆንም መስቀል መስቀል ነው ብዬ በየቀኑ ጠዋት እሳለመው ነበር። አንድ እጄን ከመሪው ላይ አነሳለሁ፣ የሱፍ ቆቤን አወልቃለሁ፣ አማትባለሁ፣ አንገቴን እደፋለሁ፣ ቆቤን መልሼ አጠልቃለሁ። ይህን ሁሉ የማደርገው ሳልወርድ ነው። ሥልጠናው የሚጀምረው በሰዓቱ ነው፤ እነሱ አገር ሰዓት ማለት ሰዓት ነው። በዚያ ላይ፣ እውነቱን ለመናገር፣ በአንድ እጅ መንዳቴን ሰው ቢያይልኝ አልጠላም ነበር።

ኅዳር ውስጥ ነው። ሌሊቱን ዘንቦ የረገፈው ቅጠል መንገዱ ላይ እንደ ሳሙና ያዳልጥ ነበር። አማተብኩ፣ አንገቴን ደፋሁ። ቀና ስል የመኪና መከልከያ አጭር የብረት ምሰሶ ፊቴ ተገትሯል። የፊት ጎማው ከምሰሶው ጋር ተላተመ፣ እኔም ተወርውሬ መኪና መንገዱ ላይ ወደቅኩ። የዳቦ መኪና እየመጣ ነበር። ሹፌሩ የቻለውን ያህል ፍሬን ያዘ፤ እግሬን ግን አላተረፈውም። ከዚያ በኋላ የማስታውሰው የትኩስ ዳቦ ሽታና በእጄ የጨበጥኩትን ቆብ ነው።

የጭኔ አጥንት ሁለት ቦታ ተሰብሯል፤ የጉልበቴ ሎሚ ደቅቋል። ሁለት ጊዜ ቀዶ ሕክምና ካደረጉልኝ በኋላ ሐኪሙ ወንበር ስቦ አጠገቤ ተቀመጠና፣ «መራመድ ትራመዳለህ፤ ጉልበትህ ይታጠፋል ብዬ ግን ቃል አልገባም» አለኝ። የማይታጠፍ ጉልበት ይዞ ቦይ መዝለል የለም። እንጀራዬ ያለው ቦይ ላይ ነው።

ወይዘሮ ኔል በማግስቱ መጡ። ያመጡልኝ ወፍራም የአተር ሾርባ በርበሬ የረሱበት ሽሮ ነበር የሚመስለው። እስኪያልቅ ድረስ ከራስጌዬ አልተነሱም።

«ግን እንዴት ብትነዳ ነው?» አሉኝ።

በተሰባበረ እንግሊዝኛዬ፣ ቤተ ክርስቲያኑን ስሳለም ነው ብዬ በእጄ እያማተብኩ አሳየኋቸው። ወይዘሮዋ ማንኪያውን እንደያዙ ቀሩ።

«ከቦዩ ማዶ ያለውን? ልጄ፣ እሱ እኮ ከተዘጋ ስንት ዘመኑ! አሁን ምንጣፍ ነው የሚሸጥበት።»

ሳቅኩ፤ ስስቅ ጎኔን ወጋኝ። እሳቸው ከሄዱ በኋላ ግን አለቀስኩ። ሁለት ወር ሙሉ ቆቤን እያወለቅኩ ለምንጣፍ መደብር ሰግጃለሁ ማለት ነው።

ለእናቴ ስደውል ዝናብ አንሸራተተኝ አልኳት። መዋሸት ልማዴ አልነበረም። ግን እሷ ያዘዘችኝን ስፈጽም እንደወደቅኩ ብነግራት ወይ ራሷን ትከሳለች፣ ወይ ማርያምን ትቀየማለች ብዬ ፈራሁ። ከሁለቱ የትኛው እንደሚብስ አላውቅም ነበር።

ሚያዝያ ላይ በሁለት ምርኩዝ አዳማ ገባሁ። ሙቀቱና አቧራ የሚያስነሳው ነፋስ ሲቀበሉኝ ደስ አለኝ። ጉልበቴ ግን እንደ በር መቀርቀሪያ ደርቋል። እርሻው እስከ መስከረም ሊጠብቀኝ ተስማምቷል፤ ከዚያ በኋላ ቦታው የሌላ ሰው ነው። እናቴ በየቀኑ የበግ እግር ሾርባ ታቀርብልኛለች፤ ለእግሬም ለማርያም ስለት ተስላለች። ጠዋት ጠዋት በዘይት እያሸችኝ ስለ ስለቱ ስትነግረኝ ዓይኗን ማየት አልችልም ነበር።

ሐኪሙ ፔዳል ምታ ብሎኝ ስለነበር ከቤታችን ፊት ለፊት ብስክሌት የሚጠግኑት ጋሽ ቶሎሳ አንድ ዘዴ ፈጠሩልኝ። የአሮጌ ብስክሌት የኋላ ጎማ መሬት እንዳይነካ በሁለት ግንድ መሐል ሰቀሉና እኔን ኮርቻው ላይ አወጡኝ።

«ሱታ፣ ሱታ!» ይሉኛል፣ ቀስ በል ማለታቸው ነው። «ሆላንድ የሮጥከው አይበቃህም?»

ያለሁበት እየነዳሁ አንድ ወር አለፈ። በመጀመሪያ ፔዳሉ ግማሽ ዙር ደርሶ ይቆም ነበር፤ ከሕመሙ የተነሳ የጋሽ ቶሎሳን አንገት አንቄ የያዝኩበት ቀን አለ። ሰኔ መግቢያ ላይ ሙሉውን ዞረ። እሳቸውም ብስክሌቱን ከግንዱ አውርደው ወደ ደራ መውጫ መንገድ ላይ ለቀቁኝ። በየቀኑ ትንሽ ትንሽ እየጨመርኩ ግራሩ እስኪጀምር ድረስ ሄጄ እመለስ ጀመር።

አንድ እሑድ ስመለስ በማርያም በኩል መጣሁ። ቤተ ክርስቲያኑን ሳየው እጄ መሪው ላይ ደረቀ። እያማተቡ መንዳት ሞቴ ነው። ሁለት እጄን አጥብቄ፣ ፊት ፊቴን እያየሁ አለፍኩ። እናቴ ለካ ከቅዳሴ ወጥታ በሩ ላይ ቆማ ነበር።

ምሳ አቀረበችልኝ። ሳህኑን አስቀምጣ እጇን አጣጥፋ ተቀመጠች።

«እግርህ ዳነ» አለች በመጨረሻ። «ልብህን ግን እዚያው ጥለኸው ነው የመጣኸው። እንደማያውቃት ሰው አለፍካት!»

እንባዋን ሳይ መደበቁ አቃተኝ። ሁሉንም ነገርኳት፤ ቆቡን፣ ቅጠሉን፣ ምሰሶውን፣ የምንጣፍ መደብሩን። ስጨርስ፣ አሁን ራሷን ልትረግም ነው ብዬ ጠበቅኩ።

«ቆይ» አለች። «ሳትወርድ?»

«ሳልወርድ።»

«እኔ ተሳለም አልኩህ እንጂ መቼ እየጋለብክ ተሳለም አልኩህ?»

ከዚያ ምንጣፉ ትዝ አላትና ሳቀች፤ በነጠላዋ ዓይኗን እየጠረገች ሳቀች። ሳቋ ሲበርድ ግን እጇን ጉልበቴ ላይ አደረገች። «ይህን ሁሉ ወር ለብቻህ ይዘኸው ከረምክ?» አለችኝ። ከአደጋው በኋላ ተኝቼ ያደርኩት ያን ቀን ነው።

በማግስቱ ማርያም ጋ ስደርስ ወረድኩ። መውረድ ከመንዳት ይከብድ ነበር፤ ጉልበቴን አጥፌ እግሬን በኮርቻው ላይ ማሳለፍ ነበረብኝ፣ ስወጣም እንዲሁ። ስሄድ እወርዳለሁ፣ ስመለስ እወርዳለሁ። ጴንጤው ጋሽ ቶሎሳ ይህን ሰምተው፣ «የሚያድንህስ መንዳቱ ሳይሆን መውረዱ ነው» ብለው ቀለዱብኝ። ሐኪም ባይሆኑም ሳይሳሳቱ አልቀሩም። መስከረም ላይ ዝዋይ ተመለስኩ። ሰፊ ቦይ በድልድይ እየዞርኩ፣ ጠባቡን እየዘለልኩ ጡረታ እስክወጣ ሠራሁ።

ትናንት ያው ባለ ባጃጅ አገኘኝ። ማርያም ጋ ስንደርስ እጁ ከመሪው ሊነሳ ሲል፣ «አቁም» አልኩት።

«እዚህ ነው እንዴ የሚወርዱት?»

«ተሳልሜ እመለሳለሁ።»

ከኋላችን ያለው ባጃጅ ጡሩምባውን አስጮኸ። ልጁ ትንሽ አመነታና ሞተሩን አጥፍቶ እሱም ወረደ። አጠገቤ ቆሞ አማተበ፤ በሁለት እግሩ ቆሞ። እናቴ እዚያ ግቢ ውስጥ ካረፈች አሥራ አንድ ዓመት ሆናት። ጉልበቴ እየተንቋቋ እንደምንም ጎንበስ አልኩላት።