አባቴ እጃቸውን ያወጡ ዕለት

ነገሩ የሆነው ሚሊኒየሙን ካከበርን በኋላ በመጣው ክረምት ነው። ዓመታት አልፈዋል፤ ግን ሰው በተሰበሰበበት አፌን ልከፍት ስል ሁሌም ያቺ ቅዳሜ ትመጣብኛለች።

ሰፈራችን ልደታ ነው። አባቴ ልብስ ሰፊ ናቸው። ከወሎ በጎረምሳነታቸው መጥተው አብነት ሰፈር አንዲት ጠባብ ሱቅ ውስጥ ከስፌት መኪናቸው ጋር ያረጁ ሰው ናቸው። ብዙ አይናገሩም። ልጆቻቸውን በዓይን ነው ያሳደጉን፤ አንድ ጊዜ ካዩን ይበቃናል።

አስራ ሁለተኛ ክፍልን እንደጨረስኩ ከአንድ የአሜሪካ ዩኒቨርሲቲ ሙሉ ስኮላርሺፕ አገኘሁ። ደብዳቤው የደረሰ ቀን እናቴ እልልታውን ስታቀልጠው ጎረቤቱ ሽማግሌ የተላከብኝ መስሎት ተሰበሰበ። አባቴ ግን ወረቀቱን እንደ ጨርቅ ፊቱንም ጀርባውንም ገልብጠው አዩትና "ደስ ይላል" ብለው መለሱልኝ። የእሳቸውን "ደስ ይላል" ቤተሰቡ ሁሉ ያውቀዋል። ገና አላለቀም ማለት ነው።

ማታ ለእናቴ ሲናገሩ ሰማኋቸው። "ትምህርቱን አይደለም የምፈራው። ከዛ የሚመጡትን አይቻለሁ። አባታቸውን ያቋርጣሉ፣ ሲያናግሯቸው ትከሻቸውን ከፍ ዝቅ ያደርጋሉ። ታላቅ የማታከብር ሆና ብትመለስ ለኔ ምን ይረባኛል?"

መሄድ አለመሄዴን ለዩኒቨርሲቲው የማሳውቀው እስከ ሰኞ ነበር። በመሃል ቅዳሜ ወደ አሜሪካ ለሚሄዱ ተማሪዎች ሜክሲኮ አካባቢ አንድ ኮሌጅ አዳራሽ ውስጥ ገለጻ ተዘጋጀ። የዩኒቨርሲቲው ኑሮ፣ የክፍሉ ሥርዓት ምን እንደሚመስል ሊያስረዱን ነው። አባቴ ይህን ሲሰሙ፣ "እኔም እመጣለሁ። አይቼ እወስናለሁ" አሉ። በቃ፣ ዕጣዬ በዚያች ቅዳሜ ላይ ተንጠለጠለ።

ጠዋት ካፊያው ውስጥ በአንድ ጃንጥላ ሄድን። ለኢድ ብቻ የሚለብሱትን ግራጫ ኮት ለብሰዋል። አዳራሹ ውስጥ አርባ የምንሆን ተማሪዎች ነበርን፤ ወላጅ ይዞ የመጣ ከእኔ በቀር አንድም የለም። ይባስ ብሎ አባቴ አጠገቤ ሲቀመጡ ከኮታቸው ኮሌታ ስር ቢጫ ሜትራቸው ብቅ አለ። ማለዳ ሱቅ ጎራ ብለው ነበርና አንገታቸው ላይ ረስተውት መጥተዋል።

"አባባ፣ ሜትሩ!" አልኳቸው በሹክሹክታ።

"ይሁን፣ ምን ያደርጋል" አሉ። እኔ ግን ገና ምንም ሳይጀመር በሃፍረት አለቅኩ።

ገለጻውን የሚሰጠው አሜሪካ ተምሮ እዚያው የሚያስተምር፣ ለክረምት እረፍት የመጣ ያገራችን ልጅ ነበር። እንደገባ ሁላችንም ብድግ አልን። አባቴም ብድግ አሉ። "ተቀመጡ፣ ተቀመጡ፤ እዛ ለአስተማሪ የሚነሳ የለም" አለና ጠረጴዛው ላይ ቂብ ብሎ እግሩን አንጠለጠለ። "ዶክተር አትበሉኝ፤ ዮናስ በሉኝ።" እሱ በለመነን መሠረት ዛሬ "እሳቸው" ሳልል እየጻፍኩ ነው። ያን ቀን ግን ከአርባችን አንድ ደፋር አልተገኘም።

አባቴ እጃቸው ላይ መቁጠሪያቸው ነበር። ሲከፋቸው አይናገሩም፤ መቁጠሪያው ነው የሚፈጥነው። ዮናስ ጠረጴዛው ላይ ሲወጣ መቁጠር ጀመሩ። "ዮናስ በሉኝ" ሲል ፈጠን አሉ። "አስተማሪ ሲያናግራችሁ ዓይን ዓይኑን እዩት፤ አንገት ብትደፉ የደበቃችሁት ነገር ያለ ይመስለዋል" ሲል ጠጠሮቹ መንጫጫት ጀመሩ። እኔ ገለጻውን በአንድ ጆሮዬ፣ መቁጠሪያውን በሌላው ጆሮዬ ነበር የምሰማው።

ዮናስ ግን ጎበዝ አስተማሪ ነበር። ግማሹን በእንግሊዝኛ ግማሹን በአማርኛ እያደረገ ያስቀናል፣ ያስቃል። ያልገባን ነገር ካለ ፕሮፌሰሩ ቢሮ ድረስ ሄደን እንደምንጠይቅ፣ ለዚሁ ብሎ በሩን ከፍቶ የሚቀመጥበት ሰዓት እንዳለው ነገረን። እርስ በርሳችን ተያየን። እኛ የምናውቀው ተማሪ ቢሮ የሚገባው አጥፍቶ "ወላጅ አምጣ" ሊባል ነው። እኔ ደግሞ ወላጄን ከወዲሁ አምጥቻለሁ።

ትንሽ ቆይቶ ጣቱን ወደ እኔ ቀሰረ። "አንቺ፣ ከጋሼ ጎን ያለሽው፣ ስምሽ ማን ነው?"

"ሰሚራ።"

"ሰሚራ፣ አሁን እኔ የማይሆን ነገር እናገራለሁ። አንቺ 'አልስማማም' ብለሽ ምክንያትሽን ትነግሪኛለሽ። ልምምድ ነው።" ጉሮሮውን ጠረገና "መጽሐፍ ማንበብ ጊዜ ማባከን ነው" አለ።

አዳራሹ በሙሉ ወደ እኔ ዞረ። አባቴን አየሁ። መሬቱን አየሁ። "ልክ ነዎት፣ ዶክተር" አልኩ።

ሳቁ ጣሪያውን ሊያነሳው ደረሰ። ያልሳቁት አባቴ ብቻ ናቸው፤ በኩራት ጉልበቴን ቸብ አደረጉኝ፣ መቁጠሪያውም ዝግ አለ። እኔ ግን ማልቀስ አማረኝ። በዚህ አፌ አሜሪካ ሄጄ ምን ልሆን ነው? አልኩ በሆዴ።

ከዚያ ዮናስ ሰሌዳው ላይ መጻፍ ጀመረ። አሜሪካ ውስጥ እያንዳንዱ አስተማሪ በመጀመሪያው ቀን ሲላበስ የሚባል ወረቀት እንደሚያድል፣ ምን እንደምንማርና ነጥቡ እንዴት እንደሚከፋፈል እዚያ ላይ እንደሚሰፍር ነገረን። "ከተማሪው ጋር የተገባ ውል በሉት" አለ። ምሳሌውን በእንግሊዝኛ ጻፈው። ፈተና 40፣ ጽሑፍ 30፣ የቤት ሥራ 20፣ ክፍል ውስጥ መናገርና መጠየቅ 20። ከስሩ አሰመረና ጠቅላላ 100 አለ።

እየገለበጥኩ ሳለሁ አየሁት። መቶ አስር ነው። በሒሳብ አንደኛ የምወጣ ልጅ እንዴት አይታየኝ! ቀና ብዬ ሰሌዳውን አየሁና ዝም አልኩ። አጠገቤ የነበረውን ልጅ ደብተር ሰረቅ አድርጌ ሳየው እሱም ገብቶታል፤ የመጨረሻዋን ሃያ በገዛ እጁ አስር አድርጎ አስተካክሏታል። ግን አፉን አልከፈተም። አርባችንም አንገታችንን ደፍተን እንጽፋለን። አስተማሪን ሰው ፊት ማረም? ኧረ ነውር ነው።

አባቴ ወደ ጆሮዬ ጠጋ አሉ። "ሰሚራ፣ ይሄ አስር ተርፏል።"

"አውቃለሁ አባባ፣ ዝም ይበሉ።"

"ታውቂያለሽ? ታዲያ አትነግሪውም?"

"እንዴት ብዬ? አስተማሪ እኮ ነው!"

አባቴ ሰሌዳውን አዩ፣ እኔን አዩ። ሠላሳ ዓመት ሙሉ ጨርቅ ለክተው የቆረጡ ሰው ናቸው፤ ልኩን የሳተ ቁጥር ያሳክካቸዋል። ኮታቸውን ቆለፉና እንደ ተማሪ አንድ ጣታቸውን ቀስረው እጃቸውን አወጡ። እኔ መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ። ክንዳቸውን ላወርድ ብሞክር ገፋ አደረጉኝ።

"ይቅርታ ያድርጉልኝ መምህር" አሉ ተነስተው። "እንግሊዝኛውን አላውቅም። ቁጥሩን ግን አውቃለሁ። እዛ ላይ አስር ተርፏል። ጨርቅ ቢሆን መትረፉ ጥሩ ነበር።"

ዮናስ ወደ ሰሌዳው ዞረ። በጣቱ አንድ በአንድ ደመረ። እንደገና ደመረ። ያቺ ደቂቃ አላልቅ አለችኝ። አስተማሪውን ሰው ፊት አዋርደነዋል፣ እኔም አልሄድም፣ አለቀ ደቀቀ ብዬ ደመደምኩ።

ዮናስ ከሰሌዳው ዞሮ አባቴን ዓይን ዓይናቸውን እያየ፣ "ልክ ነዎት፤ ተሳስቻለሁ። አመሰግናለሁ" አለ። "ትላንት ለሌሎች ተማሪዎች ይህንኑ ነው የጻፍኩት። ማንም አልነገረኝም።"

ከዚያ ወደ እኛ ዞረ። "እውነት እንነጋገር። ከናንተ ውስጥ አይቶ ዝም ያለ ስንት ነው?"

አንድ እጅ ወጣ። ሁለት ሆነ። ከዚያ ከአዳራሹ ግማሽ የሚበልጥ እጅ ወጣ። የእኔም።

"ለምን?"

አጠገቤ ያለው ልጅ፣ "ይሉኝታ ይዞን ነው ዶክተር፤ እርስዎን ላለማሳፈር" አለ።

ዮናስ ሳቁ መጣበት። "እኔ ሁለት ሰዓት ሙሉ የለፈለፍኩትን እኚህ አባት በአንድ ደቂቃ አስተማሯችሁ" አለና ማርከሩን ይዞ አባቴ ዘንድ መጣ። "ጋሼ፣ እንግዲህ ያገኙት እርስዎ ነዎት። አስሩን ከየቱ ልቀንስ?"

አባቴ ቀልድ አልመሰላቸውም። እንደ ትልቅ ሽምግልና ያዙት። የእያንዳንዱን መስመር ትርጉም ጠየቁኝ፣ ነገርኳቸው። አሰቡና፣ "ከመጨረሻው ይቀንሱ፣ ከመናገሩ" አሉ። "ሰው በሥራው ነው የሚመዘነው። ወሬ ምን ነጥብ ያሻዋል?"

ዮናስ ሊያጠፋው እጁን ሲዘረጋ አንድ ድምፅ ሰማሁ። የራሴ ነበር።

"አልስማማም።"

ቆሜያለሁ። መቼ እንደተነሳሁ አላውቅም። "አልስማማም፣ አባባ" አልኩ ዓይን ዓይናቸውን እያየሁ። "እኔ ልኩን አውቄ ዝም አልኩ፤ እውቀቴ ለማንም አልጠቀመም። እርስዎ ባይናገሩ ሁላችንም ስህተቱን ይዘን ቤታችን እንገባ ነበር። ይሄ ወሬ አይደለም። ከፈተናው ይቀነስ።"

መቁጠሪያው ቆመ። ፈጥኖ አይደለም፣ ዘግይቶ አይደለም፤ ጭራሽ ቆመ። በዕድሜዬ አባቴን ተቃውሜ አላውቅም፤ ያውም በአርባ ሰው ፊት፣ ያውም የእሺታቸውን ቃል በምጠብቅባት ቀን! አባቴ ቆየት ብለው ሲያዩኝ እንባዬ መጣ።

"ከፈተናው ይቀንሱ፣ መምህር" አሉ ዮናስን። ተቀመጡና መሬት መሬት ማየት ጀመሩ።

አዳራሹ በጭብጨባ ተናጋ። እኔ ግን ምንም አልተሰማኝም። የቀረውን ገለጻ አንድ ቃል አላስታውስም።

ከሜክሲኮ ወደ ልደታ በእግራችን ተመለስን። ዝናቡ በርትቷል። አባቴ ጃንጥላውን ወደ እኔ አዘንብለው የእሳቸው ግራ ትከሻ ይርሳል። ይቅርታ ልበል አልበል እያልኩ ቃሉን በአፌ ሳመላልስ ሰፈራችን ደረስን። በራችን ላይ ሲደርሱ ቆሙ።

"ቅድም ስትናገሪኝ 'አባባ' ማለቱን አልተውሽም" አሉ።

"አልተውኩም።"

"'እርስዎ' እያልሽኝ ነበር። ድምፅሽም አልጮኸም።"

"አዎ አባባ።"

"እኔ እንዲህ ያለ መቃወም መኖሩን አላውቅም ነበር" አሉ። "ያ ዶክተርም ትልቅ ሰው ነው፤ ተሳስቻለሁ ሲል አልሞተም።" ጃንጥላውን አጥፈው ውሃውን አራገፉ። "እንዲህ ሆነሽ የምትመለሺ ከሆነ፣ ኢንሻአላህ ሂጂ። ሰኞን አትጠብቂ፤ ዛሬውኑ እሺ በያቸው።"

አቤት የዚያን ቀን ደስታዬ! ዝናቡ ውስጥ ዘለልኩ። አባቴ አንገት ላይ ተጠምጥሜ ስስማቸው ያ የተረሳ ሜትር እኔም አንገት ላይ ተጠመጠመ። እናቴ በሩን ከፍታ፣ "ምን ሆናችሁ? ማን ነው የሚለካው?" ስትል እስኪበቃን ሳቅን።

አሜሪካ እያለሁ በየእሁዱ እደውል ነበር። አባቴ ውጤቴን ጠይቀውኝ አያውቁም። የመጀመሪያ ጥያቄያቸው ሁሌ አንድ ነበር። "በዚህ ሳምንትስ ከማን ጋር ሳትስማሚ ቀረሽ?" የምነግራቸው ካጣሁ ይቆጡኛል። "መቶ አስር መሆኑን እያየሽ ዝም አልሽ?" ይሉኛል። እንዳይቆጡኝ ስል ብቻ እጄን ያወጣሁባቸው ቀናት አሉ። ስፈራም እንደሳቸው አንድ ጣቴን እቀስራለሁ፤ ፈረንጆቹ ለምን እንደሆነ አልገባቸውም።

ተምሬ ከተመለስኩ ቆይቻለሁ። ባለፈው ወር ሐኪም ለዓይናቸው እረፍት አዝዞ ሳለ አባቴ ሱቅ ሊሄዱ ሲነሱ በሩ ላይ ቆምኩባቸው። "አልስማማም፣ አባባ። ሐኪሙ ያለው ይፈጸም፤ እርስዎ ይቀመጡ" አልኳቸው። መቁጠሪያቸውን አውጥተው አፈጠኑት። ከዚያ ለቡና ወደመጣችው ጎረቤታችን ዞረው፣ "ለመሆኑ ይቺን አሜሪካ የላካት ማን ነው?" አሉ።

"ኧረ እርስዎ ነዎት!" አለች።

"ተሳስቻለሁ" አሉ አባቴ እየሳቁ፣ ኮታቸውንም አውልቀው ተቀመጡ።